የመስቀል ዕለት የተጻፈው ማስጠንቀቂያ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ላይ ትንሽ ካፌ አለኝ። ልክ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ባሬስታ ነበር፤ ደመወዙ 6,000 ብር። እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ሰዓት አያከብርም። 12 ሰዓት ግባ ስለው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ስንቴ ነገርኩት! ባለፈው ወር የቡና መፍጫዬን ሰበረብኝና የደመወዙን ግማሽ ቆረጥኩ። በሳምንቱ ደግሞ ሲያረፍድ ተናድጄ «ነገ እንዳትመጣ» አልኩት። አሁን የፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኛል። የተፈራረምነው ውል የለም። ጎረቤቴ «ውል ከሌለ ምንም አያመጣም፤ ለማንኛውም በድሮ ቀን ማስጠንቀቂያ ጻፊና ፋይል ውስጥ ክተቺ» አለችኝ። ልጻፍ?
ባለ ካፌዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትጽፊ!

ወጣት ሳለሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፐርሶኔል ነበርኩ። (ያኔ «የሰው ሃብት» የሚባል ነገር አልመጣም።) አንድ የክፍል ኃላፊ ሠራተኛውን በቃል ካባረረ በኋላ ሦስት ማስጠንቀቂያ ጽፎ አመጣልኝ። እኔም ሳልጠይቅ ማኅተም መታሁለት። ችሎት ላይ ዳኛው ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ። ከዚያ ቀና አሉና «መስከረም 17 ፋብሪካው ሥራ ላይ ነበር?» አሉን። መስቀል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለካፌ ጉዳይ ሄደሽ በወንጀል ልትጠየቂ ነው?

ስለ ውሉም ጎረቤትሽ ተሳስታለች። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም የቃል ከሆነ፣ አሠሪው ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት። ወረቀት ባለመኖሩ የምትጎጂው አንቺ ነሽ፤ ልጁ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ማርፈዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያረፍድን ሠራተኛ ዝም ብለሽ ቻዪ አይልም። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደ ያለ ማስጠንቀቂያ ልታሰናብቺ ትችያለሽ። ግን በጽሑፍ እየተነገረው መሆን አለበት። «ስንቴ ነገርኩት» የሚለው ቃልሽ ችሎት ላይ አየር ነው። ምክንያቱን ካወቅሽ በኋላም 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ያመልጥሻል። ስንብቱ ራሱ ምክንያቱና ቀኑ ተጠቅሶ በደብዳቤ መሰጠት አለበት። «ነገ እንዳትመጣ» ደብዳቤ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። «ማስጠንቀቂያ» የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ «አታርፍድ» የሚለው ወረቀት፣ ሌላው ከማሰናበት በፊት የሚሰጠው ጊዜ። የአንቺ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሠራ ሁለተኛው የሁለት ወር ነው።

እንግዲህ ቢፈረድብሽ ስንት ነው? ቀኑን 200 ብር ብለን እናስላው። ካሳው የ180 ቀን ነው፣ 36,000 ብር። የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር 12,000። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፤ 10,000 ይሆናል። 58,000 ብር! ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። በዚህ ብር ስንት መፍጫ ይገዛል?

ስለ መፍጫው ካነሳን፣ ግማሽ ደመወዝ መቁረጥሽም ስህተት ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም፣ ለእሱ 2,000 ብር መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን ልጁ በጽሑፍ ሲስማማ፣ ወይም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ነው። አንቺ ወረቀቱም ስምምነቱም የለሽም። 3,000 ብሩን መልሺለት፣ አስፈርሚው።

እኔ ብሆን መጥሪያው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ልጁን አስጠርቼ፣ ራሱ ያፈላውን ማኪያቶ እየጠጣን አወራው ነበር። እጁ ወርቅ ከሆነ ይመለስ። ሲመለስ ውል ፈርሙ። የመግቢያ ሰዓት የሚሞላበት ደብተር በሩ ጋ አስቀምጪ፤ በየቀኑ ራሱ ይፈርም። ያረፈደ ዕለት ዕለቱኑ ጻፊ፣ ኮፒውን አስፈርሚ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ፊት ስጪው። መመለስ ካልፈለገ ሂሳቡን ተስማሙና በጽሑፍ ጨርሱት፣ ስምምነቱንም ለችሎቱ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሆቴል አለኝ። አዲስ አስተናጋጅ ስቀጥር ሦስት ወር ሙከራ፣ ካልጣመኝ ሌላ ሦስት ወር እጨምራለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ወንድሜ። ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው፣ ማራዘሚያ የለውም። የሥራ ቀን ስለሆነ የዕረፍት ቀናቸው አይቆጠርም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አስር ሳምንት ያህል ነው። በ61ኛው ቀን ጠዋት ትሪ ይዞ ከገባ፣ ሙከራው አልቋል። ቀድሞ አንተ ጋ ያስተናገደን ልጅ ለዚያው ሥራ መልሰህ ስትቀጥርም «ሙከራ ላይ ነህ» ማለት አትችልም። ሙከራ ላይ ያለውን ብቁ አይደለም ብለህ ስታሰናብትም የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የስንብት ክፍያና ካሳ አይጠበቅብህም። በአስረኛው ሳምንት ሳይሆን በአምስተኛው ላይ ቁጭ ብለህ ብትገመግመው ይሻልሃል፤ ያየኸውንም ጻፈው።