ከሁለት በር የተመለሰ ወንድም

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድድ ከርሜ ዛሬ ልልከው ቆርጫለሁ።

በሰባት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድም አለኝ። ሲወለድ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። ስለዚህ እኔ አፌን የፈታሁት በሁለት ቋንቋ ነው፤ አንዱን በምላሴ፣ አንዱን በእጄ። ወንድሜ የእንጨት ሥራ ተምሮ ለዓመታት ራሱን ችሎ ኖሯል። ጓደኞቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ በሳምንት አንድ ምሽት ተሰብስበው ሲጫወቱ ሁሉንም በሳቅ የሚያፈርሳቸው እሱ ነበር።

ችግሩ የጀመረው በጨለማ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄድ ነበር። እኛ “ዝንጉ ነው” እያልን እንስቅበት ነበር። ኋላ በጠራራ ፀሐይ ከወንበር ጋር መጋጨት፣ አጠገቡ የቆመን ሰው አለማየት ተከተለ። አሁን 42 ዓመቱ ነው፤ የሚያየው ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ክብ ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህችም እየጠበበች እንደምትሄድ ነገረኝ። የነገረው ለእኔ ነው። ወንድሜ ክንዴን ይዞ “ምን አለ?” ሲለኝ፣ “ምንም አይደለም፤ በኋላ እነግርሃለሁ” አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አልፏል። አልነገርኩትም።

ዓይነ ስውራንን ወደሚረዳ አንድ ድርጅት ወሰድኩት። በበትር መሄድና ብሬል (በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ) እናስተምራለን፣ ነገር ግን የምናስተምረው በቃል ነው፣ እሱ ደግሞ አይሰማም አሉን። መስማት የተሳናቸው ወደሚረዱበት ሌላ ቦታ ሄድን። አስተርጓሚ አለን፣ ነገር ግን ካላየ ምን ያደርግለታል አሉን። ሁለቱም በትሕትና ነው የመለሱን፤ መመለስ ግን መመለስ ነው።

አሁን ሥራውን ትቷል። ወደ ጓደኞቹም አይሄድም። የሚያናግረው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህም እየቀረ ነው። በደንብ እንዲያየኝ ብዬ ስጠጋው በመዳፉ ገፍቶ ያርቀኛል። ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰኝ ይህ ነው። እኔም ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፤ ደክሞኛል፣ መድከሜም ያሳፍረኛል። እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ቦታ አለ? የት ልውሰደው?

እኅቱ ነኝ

*

እኅቴ፣

ከመዳፉ ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያስለቅሰኛል ያልሽው ነገር ምናልባት ጭራሽ የሚያስለቅስ ላይሆን ይችላል። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቀሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ከራሱ እስከ ወገቡ ይታይሻል። በሩ ሥር የተለጠፈው ግን የሸሚዙ አዝራር ብቻ ነው የሚታይሽ። ወንድምሽ የሚያየው እንደዚያ ነው። አንቺ በፍቅር በተጠጋሽ ቁጥር ፊትሽም እጆችሽም ከቀዳዳው ይወጡበታል። ስለዚህ ሲገፋሽ “ሂጂልኝ” ማለቱ ሳይሆን “ቋንቋሽን ላየው ወደምችልበት ተመለሺ” ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ በይና ርቀቱን እሱ ራሱ እንዲወስን አድርጊ። ምልክቶችሽን ሰብሰብ አድርገሽ በፊትሽና በደረትሽ መካከል አሳይው። ብርሃኑ በአንቺ ላይ ይረፍ፤ መስኮት ከጀርባሽ አይሁን። ዝንጉርጉር ልብስ ተይ፤ ከእጅሽ መልክ ጎልቶ የሚለይ አንድ ወጥ ቀለም ልበሺ።

ሁለተኛው ነገር ደስ አይልሽም። መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ካቆሰሏቸው ቃላት መካከል ምን ይገኛል ብለሽ ብትጠይቂያቸው፣ “ምንም አይደለም” እና “በኋላ እነግርሃለሁ” የሚሉሽ ብዙ ናቸው። አንቺ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አልሽው፤ ያውም ስለ ገዛ ዓይኑ። ለማዘንሽ አልጠራጠርም። ነገር ግን በብርሃን ሊማረው የሚችለው ብዙ ነገር እያለ ስምንት ወር አልፎበታል። ንገሪው። ከተቻለ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሳችሁ፣ እኅቱ ሳትሆኚ ሌላ አስተርጓሚ እየተረጎመለት፣ ሐኪሙም ወደ እሱ ዞሮ ይንገረው። በዚያች ክፍል ውስጥ የአንቺ ሥራ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ይሁን።

ሐኪም አይደለሁም፤ የምልሽን እንደ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። ሲወለድ ጀምሮ አለመስማት፣ በልጅነት የጀመረ የማታ አለማየት፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ የሚሄድ እይታ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ አሸር ሲንድሮም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ ይጠረጠራል። የዓይኑ ክፍል ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ ይባላል። አንደኛው የአሸር ዓይነት የሰውነት ሚዛንንም ስለሚነካ፣ ሕፃናቱ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው ብዙ ጊዜ መሄድ የሚጀምሩት። ወንድምሽ ዘግይቶ እንደሆነ የሄደው ወላጆችሽን ጠይቂ። በነገራችን ላይ ወላጆችሽ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ሁለቱም ሳያውቁት የተለወጠውን ዘረ መል አንድ አንድ ቅጂ ይዘው ሲገናኙ ነው የሚከሰተው፤ ያኔም ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዓይኑ ላይ ሞራ መኖር አለመኖሩም ይታይለት። ይህ ሁኔታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞራ በብዛት ይታያል፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል።

አሁን ወደ ሁለቱ በሮች። የመለሷችሁ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ሒሳባቸው ነው የተሳሳተው። ማየት የተሳነው ሰው በጆሮው ይካካሳል፣ መስማት የተሳነው በዓይኑ ይካካሳል ብለው ነው የተደራጁት። ሁለቱም የተነኩበት ሰው ማካካሻውን ነው ያጣው። ስለዚህ ማየትና መስማት መሳን የሁለት ጉዳቶች ድምር ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳት ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ስለ ትምህርት በሚናገረው በአንቀጽ 24 እነዚህን ሰዎች ለይቶ ይጠራቸዋል። ዓለም አቀፉ የማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 0.2 በመቶው ከባድ፣ ሌላ 2 በመቶ ያህሉ ደግሞ ቀለል ያለ ጥምር ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። 0.2 በመቶ ትንሽ ቢመስልም፣ ከአምስት መቶ ሰው አንድ ማለት ነው። የወንድምሽ ዓይነት ሰው በአካባቢያችሁ የለም ቢሉሽ አትመኚ፤ ከቤት አልወጣም ማለት ነው።

ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው በራሳቸው ባለጉዳዮቹ ሲሆን፣ አባላቱ የየአገሩ ማኅበራት ናቸው። በምትኖሩበት ቦታ የሚገኘውን ማኅበር በእነሱ በኩል ማፈላለግ ትችያለሽ። እስከዚያው ወደ ሁለቱ በሮች ተመለሺ፤ ዳሩ ግን “ተቀበሉልኝ” አትበይ። ከእያንዳንዳቸው አንዲት ነገር ብቻ ጠይቂ። ከዓይነ ስውራኑ ድርጅት የበትር አካሄድ አስተማሪ፤ መስማት ከተሳናቸው ደግሞ አስተርጓሚ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። አስተማሪው ይናገራል፣ አስተርጓሚው ያስተላልፋል፣ ወንድምሽ ይማራል። ሁለቱ ተገናኝተው ስለማያውቁ እንጂ አንዳቸውም የጎደላቸው ሙያ የለም። ስለ በትሩ ካነሣሁ አይቀር፣ በብዙ አገሮች ማየትም መስማትም የተሳነው ሰው በነጭ በትሩ ላይ ቀይ ቀለበቶች ያደርጋል። መኪና የሚነዳው ሰው “ጥሩንባዬን ይሰማል” ብሎ እንዳይመካ ነው።

አስተርጓሚው “ካላየ ምን ያደርግለታል” ለተባለው፣ ብዙ ያደርግለታል። የምልክት ቋንቋ ዓይን ሲደክም አብሮ አይሞትም፤ ወደ መዳፍ ይገባል። ወንድምሽ እጆቹን በእጆችሽ ላይ በስሱ ያሳርፋል፣ አንቺ እንደወትሮው ታወሪያለሽ፣ እሱ በመዳሰስ ያነብባል። የአንቺ እጅ ሁልጊዜ ከሥር ይሁን፤ እጁን ጨብጠሽ እንደ አሻንጉሊት አታንቀሳቅሺ። እንደ አዲስ የሚለመደው የፊት ነገር ነው። በቅንድብሽ ትጠይቂ፣ በራስሽ እንቢ ትይ የነበረውን ሁሉ ወደ እጅ ማውረድ አለብሽ፤ አለበለዚያ ጥያቄሽ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተራ ወሬ ይደርሰዋል። አሁን፣ ትንሿ ክብ ሳለች፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክር። መዳሰስ ያደክማል፤ ሲበቃው ይብቃው።

የምልክት ቋንቋ ለማያውቁ ጎረቤቶች ደግሞ መዳፍ አለ። በሌባ ጣት አንድ ፊደል ይጽፋሉ፤ ቀጣዩን ከጎኑ ሳይሆን እዚያው ቦታ ላይ ይደርቡታል፤ ቃሉ ሲያልቅ መዳፉን ጠረግ ያደርጋሉ። የእኛ ፊደል ብዛቱ ያስፈራል፤ ግን በመዳፍ ላይ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኳት “ሁሉንም በሳቅ የሚያፈርሳቸው እሱ ነበር” የምትለዋን ነው። ወደ ጓደኞቹ መሄድ ያቆመው ምሽት ላይ ስለማያይ ብቻ አይመስለኝም። ቀልደኛ ሰው ሳቁን ካላየ ለማን ይቀልዳል? ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ለዚህ መላ አበጅተዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በጀርባው ወይም በክንዱ ላይ ጣቶቹን እንደ መኮርኮር አድርጎ ያርገፈግፋል፤ “እየሳቁ ነው” ማለት ነው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ጠረጴዛው የት እንዳለ በጀርባ ላይ ይሣላል። የሚያዳምጠው ሰው ጉልበቱን ወይም እጁን መታ መታ ያደርጋል፤ “እሰማሃለሁ፣ ቀጥል” ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች፣ በአስተርጓሚ በኩል መነጋገሩን ትተው በቀጥታ እጅ ለእጅ መነጋገር ሲጀምሩ፣ ከዚያ ፕሮታክታይል የሚባል ሙሉ የአነጋገር ሥርዓት አደገ። ሁለት ጓደኞቹን ጥሪና ይህችን የሳቅ ምልክት ብቻ አስተምሪያቸው። ስብሰባቸውንም ከምሽት ወደ ቀን ያዙሩት። ከየትኛውም ድርጅት በፊት ይህን አድርጊ።

አስተርጓሚ መሪ ስለሚባለው አገልግሎትም ጠይቂ፤ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። በዙሪያው ያለውን አይቶ ይነግረዋል፣ ይመራዋል፣ ይተረጉምለታል። አይመክረውም፣ አይወስንለትም። ገበያ ቢወጡ “ይህ ይሻልሃል” አይለውም፤ ያለውን ይነግረዋል፣ መራጩ እሱ ነው። አገልግሎቱ በሌለበት፣ ከዘመድና ከጓደኛ አራት ሰው መርጣችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተካፈሉ። ክንዱን ይዘው አይግፉት፤ እሱ ክርናቸውን ይያዝ። ሲሄዱ “ሄድኩ” ይበሉት፤ መሀል ሜዳ ላይም አያቁሙት፣ እጁን ግድግዳ ወይም ወንበር ያስይዙት። የእህትነት ድካምሽ የሚቀንሰው በዚህ እንጂ በማፈር አይደለም።

ሰዎች ሔለን ኬለርን እየጠቀሱ ያጽናኑሽ ይሆናል። ታላቅ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን በ19 ወሯ ማየትና መስማቷን ያጣች፣ ቋንቋ ሳይኖራት የጀመረች ሕፃን ናት። አስተማሪዋ አን ሱሊቫን ደግሞ ከ1887 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. አብራት ኖራለች። ወንድምሽ ሙሉ ቋንቋና ሙያ ያለው ጎልማሳ ነው፤ አንቺም ለ49 ዓመት መቀጠር የለብሽም። ለእሱ የሚቀርበው ምሳሌ ሃበን ግርማ ትመስለኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሐርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ማየትና መስማት የተሳናት ሰው ናት። ሌላው ሰው በኮምፒውተር ቁልፎች ይጽፍላታል፣ እሷ ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ በሚሉ የብሬል ሰሌዳ በጣቷ ታነብባለች። መሣሪያው ውድ ነው፤ ብሬሉ ግን አስቀድሞ ሊጀመር ይችላል። በጽሑፍ ቋንቋ ብዙም ካልተማረ ቀስ ይበል፤ ብሬል ፊደል እንጂ ቋንቋ አይደለም። እንጨት የለመዱ ጣቶች ስላሉት ከብዙ ሰው እንደሚቀድም እገምታለሁ።

ዝምታው ከበረታ፣ መኖር ሰለቸኝ ካለሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አድርሺው፤ እዚያም የሚተረጉምለት ሌላ ሰው ይሁን። ለእኅቱ የማይላት ነገር ይኖረዋል።

ይህን መልስ አንብቢለት። እጆችሽን ከእጆቹ ሥር አድርጊ፣ አንቺን የወቀስኩበትንም ሳትዘልዪ ሙሉውን። ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ጭምር ንገሪው፤ እሱን ሳላስፈቅድ ደብዳቤሽን ማውጣቴን በተመለከተ ማንነታችሁን የሚጠቁመውን ሁሉ አስወግጃለሁ፣ ቅር ካለው ግን ቅሬታው ለእኔ ነው። የሚያርመው ነገር ካለ ራሱ ይጻፍልኝ። የሚቀጥለውን ሳምንት ቦታ አስቀምጥለታለሁ።