የማይቢዎቹ የእጅ እንቅስቃሴ ምን ማለት ነው? (መልስ)

ጥያቄው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በማኒፑር ግዛት በሚከበረው በ«ላይ ሃራኦባ» በዓል ቪዲዮ ላይ ስለሚጨፍሩት ሴቶች፣ ስለ ማይቢዎቹ ነው። በቪዲዮው ላይ ሴቶቹ እጃቸውን ከራስ ወደ እግር የሚያወርዱት አካል እየሠሩ ስለሆነ ነው። ጭፈራው የሰውን ገላ ክፍል በክፍል ይቀርጻል። ከዚያ ሕፃኑ ይወለዳል፤ ቤት ይሠራል፤ ጥጥ ይዘራል፤ ልብስ ይሸመናል። ሁሉም በእጅ ምልክት ነው።

ማይቢ የሚባሉት የማኒፑር ነዋሪ የሆነው የሜይቴይ ሕዝብ ሴት ካህናት ናቸው። በማኒፑር፣ በኢምፋል ሸለቆ የሚከበረው በዓል ደግሞ «ላይ ሃራኦባ» ይባላል፤ የአማልክት ደስታ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጭፈራውን የጸሎቱ ማጀቢያ አድርገው አይዩት፤ ጸሎቱ ራሱ እርሱ ነው። ዓለም የተፈጠረችበት ሥራ በአማልክቱ ፊት እንደገና ይሠራል።

ከቻሉ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ይመልከቱት። የአምላኩ መንፈስ ከውኃ ሲጠራ፣ እንደኛ መሰንቆ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው ፔና አብሮ ያዜማል። ለእኔ ከበዓሉ ሁሉ ልብ የሚነካው ያ ቅጽበት ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔ ለረጅም ጊዜ ይህን «ራስ ሊላ» ከሚባለው ጭፈራ ጋር እያምታታሁ የተሳሳተ ትርጉም ስሰጥ ቆይቻለሁ። ራስ ሊላም የማኒፑር ነው፤ ግን የሂንዱው አምላክ የክሪሽና አምልኮ ሲሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ብሃግያቻንድራ ዘመን የተጀመረ ነው። ልብሱን ይዩ፦ እንደ ከበሮ የቆመ ያጌጠ ቀሚስ ከሆነ ራስ ሊላ ነው፤ ማይቢዎች ነጭ ይለብሳሉ።