«19 ሳተ ይባላል እንዴ?»

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከተለያየ ሰፈር ቢመጡም የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፦ ጨዋታ የሚመራውን ሰው እንመነው ወይ? ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ እሁድ እሁድ ጓደኞቹን ሰብስቦ ዳይስ ይጥላል። እንግዳ እንግዳ ስም ይጠራራሉ፣ ይጮሃሉ። ቁማር ይሆን እንዴ? (እናት፣ ከሆጤ)

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ አብሽሩ። ገንዘብ የለበትም። አንደኛው ጌም ማስተር ይባላል፣ ታሪኩን የሚመራው እሱ ነው። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ። ምን ማድረግ እንደፈለጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል። ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በጣም የታወቀው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ።

እርስዎስ ልጅ ሆነው «እንቆቅልህ» ተጫውተው የለ? ጠያቂው መልሱን በሆዱ ይዞ ነው «ምን አውቅልህ» የሚያስብለው። ልክ ሲመልሱለት በሆዱ ቀይሮ «አይደለም፣ አገር ስጠኝ» ቢል ማን ያውቅበታል? ማንም። እሱን አምነው ነው ጎንደርን የሚሰጡት። የልጅዎም ጨዋታ እንደዚያው ነው። ጩኸቱን ግን ይቆጡልን።

ጥያቄ፦ የኛ ጌም ማስተር ዳይስ የሚጥለው ከክላሰር ጀርባ ነው። ባለፈው እሁድ ጭራቁ 3 ጊዜ 20 አወጣብን። እያጭበረበረ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ በአንድ ውርወራ 20 የማውጣት ዕድሉ ከ20 አንድ ነው። በአንድ ምሽት 20 ጊዜ ከጣለ፣ ሦስቴና ከዚያ በላይ 20 የማየት ዕድላችሁ ከመቶ 7.5 ገደማ ይሆናል። በየሳምንቱ የምትጫወቱ ከሆነ በዓመት ሦስት አራቴ ሊያጋጥማችሁ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ብቻ ሌባ አትበለው።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጣ። ከዓመታት በፊት እኔም ክላሰር አቁሜ እመራ ነበር። አንድ ማታ ጭራቁ የጓደኛዬን ተዋጊ ሊገድል ደረሰ። ጣልኩ፤ 19 ወጣ። አሳዘነኝና «ሳተ!» አልኩ። ሁሉም በደስታ ጮኸ። የጓደኛዬ እህት ያኔ በጀርባዬ በኩል ቶና ይዛ ስትመጣ ነበር። ጨዋታውን አታውቀውም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። ረከቦቱን እስክታስቀምጥ እንኳ አልጠበቀችም፤ «19 ሳተ ይባላል እንዴ?» አለች።

ዝም ተባለ። ጓደኛዬ ዳይሱን አላየም፣ እኔን ነው ያየው። «ባለፈው ወር ዘንዶውን የገደልኩትስ?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ዘንዶውን በራሱ ዳይስ ነበር የገደለው። ግን ምን ብዬ ላሳምነው? በረካው እስኪደርስ ማንም እንደልቡ አልተጫወተም። ላድነው ብዬ ያሸነፈውን ሁሉ ቀማሁት።

ስለዚህ ጌም ማስተራችሁ ካርታውን ይደብቅ፣ ከበሩ ኋላ ያለውንም ይደብቅ፤ ሥራው ነው። የውጊያ ዳይስ ግን ጠረጴዛ ላይ፣ በሁላችሁ ፊት ይጣል። «ወጥመዱን አየሁት ወይስ አላየሁትም» የሚባለው ዓይነት ከክላሰር ጀርባ ቢቀር ችግር የለውም። ይህንን በክስ መልክ ሳይሆን ቡና ላይ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ግራ ብንሄድም ቀኝ ብንሄድም እዚያው ዋሻ ነው የምንደርሰው። ምርጫችን ውሸት ሆነብን። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርድ መንገዱ ይጠማዘዛል እንጂ መጨረሻው ያው ኮምቦልቻ ነው። ማንም አይከፋውም፤ ሲሳፈር ያውቃላ። የሚያናድደው «ወዴት ልውሰድህ?» ብሎ ጠይቆ እዚያው ሲያራግፍህ ነው። ጌም ማስተሩ «ዛሬ ያዘጋጀሁት ዋሻውን ብቻ ነው፣ ተባበሩኝ» ቢል ምን ነበረበት? አንድ ሰው በሳምንት አንድ ዋሻ ማዘጋጀቱም ቀላል ልፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጌም ማስተሩ የተቃጠለ ከተማና የሚሸሽ ሕዝብ ታሪኩ ውስጥ አስገባ። አንዷ ተጫዋች ዝም አለች፣ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። አጥፍቷል? (ከደሴ)

መልስ፦ ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ግን በ2014ቱ ጦርነት እዚህ የሆነውን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከየቤቱ ማን ምን ይዞ ጠረጴዛው ጋ እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ብዙ ቡድኖች ዳይስ ከመጣላቸው በፊት ሴሽን ዜሮ የሚሉትን የሚያደርጉት፤ ምን እንዲኖር ምን እንዳይኖር አስቀድሞ መነጋገር ነው። ጨርሶ የማይነሳው ነገር ይለያል፤ ቢነሳም በዝርዝር ሳይተረክ የሚታለፈውም ይለያል።

ጆን ስታቭሮፖሎስ የሚባል ሰው ያመጣት ዘዴም አለች። ኤክስ የተጻፈባት ወረቀት መሃል ላይ ትቀመጣለች። የከበደው ሰው ይነካታል፤ ያ ትዕይንት ይቀራል ወይም ይቀየራል። «ለምን?» ብሎ ጥያቄ የለም። የኔ ሰፈር ልጆች ወረቀቷ ስለምትጠፋባቸው ባዶ ሲኒ ደፍተው ያስቀምጣሉ።

ልጅቷን ደግሞ ጌም ማስተሩ ራሱ ሄዶ ይጠይቃት። ለመመለስ እንድትስማማ ሳይሆን ለመጠየቅ ብቻ። በቴሌግራም አይሁን፣ በእግሩ ይሂድ።

ጥያቄ፦ እኔ ነኝ የምመራው። ተጫዋቾቼ ውጊያ መሃል ስልካቸውን አውጥተው የጭራቁን የሕይወት ነጥብ (ስንት ጉዳት ችሎ እንደሚሞት) ያነባሉ። (ከአራዳ)

መልስ፦ ቀይረዋ! በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም የመጀመሪያው የጭራቆች መጽሐፍ፣ ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ 7 የሕይወት ነጥብ ነው ያለው። ያንተ 12 ይኑረው። ግን ውጊያው ሳይጀመር ወስን፣ «የኔ ጭራቆች ከመጽሐፉ ይለያሉ» ብለህም ንገራቸው። መሃል ላይ ከቀየርክ የክላሰሩ ጉድ ተደገመ።

ጥያቄ፦ አንዱ ልጅ ለሥራ ኮምቦልቻ ገባና አሁን በስልክ ነው የሚጫወተው። ዳይሱን እዚያው ጥሎ ቁጥሩን ይነግረናል። እንመነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እመኑት። ቢዋሽ እንኳ የምትከስሩት አንድ ጎብሊን ነው። ኔትወርኩ ሁሉን ቃል እየቆራረጠ «ሃያ» የምትለዋ ብቻ ጥርት ብላ ስትመጣ ግን እኔንም ትንሽ ይገርመኛል።