ኮፐንሃገን ፕላስቲክ ላይ ስኪ ልጀምር ወይስ በረዶ ልጠብቅ ላለችው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። መስከረም ላይ ለማስተርስ ኮፐንሃገን እንደምትሄጂ፣ እዛ የቆሻሻ ማቃጠያ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ ሰው አረንጓዴ ፕላስቲክ ላይ ስኪ ሲንሸራተት ቪዲዮ እንዳየሽ፣ እና "እዛው ልጀምር ወይስ በረዶ ያለበት ቦታ እስክሄድ ልጠብቅ፣ ስኪ ይሻላል ስኖውቦርድ" ነው ያልሽው። ኮመንቱ ላይ ግማሹ ፎቶሾፕ ነው ይላል ግማሹ እዚሁ ባህር ዳር ቤዛዊት ኮረብታ ላይ እንስራው ይላል። እኔ የቀበሌ 14 ልጅ ነኝ፣ ኤድንብራ ስማር ስኪ የለመድኩት በረዶ ላይ ሳይሆን እንደዚህ ያለ ሜዳ ላይ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

አትጠብቂ፣ እዛው ጀምሪ። ቦታው ኮፐንሂል ይባላል፣ ስኪው በ2019 (በፈረንጆቹ ነው የምፅፍልሽ) ነው የተከፈተው፣ ከታች ለጀማሪ የተለየ ቦታ አለው። ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም፣ እኔ የተማርኩበት ሂልኤንድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። እንግሊዛዊው ዴቭ ራይዲንግ ልጅ ሆኖ የተማረው ላንካሸር ውስጥ ፔንድል የሚባል ቦታ ፕላስቲክ ላይ ነው፣ ጥር 2022 ኦስትሪያ ኪትስቢውል ላይ በስላሎም (በተተከሉ ዘንጎች መሃል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት) የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸነፈ፣ በአልፓይን ስኪ፣ ማለትም በቁልቁለቱ ስኪ፣ የዓለም ዋንጫ ውድድር ሲያሸንፍ ከብሪታኒያ እሱ የመጀመሪያው ነው። በ2014 ሶቺ ኦሎምፒክ በስኖውቦርድ ነሐስ ያመጣችው ጄኒ ጆንስም የጀመረችው ግሎስተር አካባቢ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ ላይ የተማረ በረዶ ላይ አይችልም የሚልሽን አትስሚው።

አሁን ወደ ሜዳው ልምጣ። የእንግሊዝ አገር የድሮዎቹ ሜዳዎች ዴንዲክስ የሚባል ነገር ነው የተነጠፈባቸው፣ ቀረብ ብለሽ ስታይው ልክ የጥርስ ብሩሽ አጫጭር ጠንካራ ፀጉር በብረት ታስሮ ወደ ላይ ቆሟል፣ እየተያያዘ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርፅ ይሰራል፣ መሃል መሃሉ ክፍት ነው፣ በክፍተቱ ታች ያለው ሳርና አፈር ይታያል። እዚች ክፍተት ላይ ልብ በይ! ስትወድቂ እጅሽን ዘርግተሽ ካረፍሽ አውራ ጣትሽ እዛ ውስጥ ይገባል፣ ሰውነትሽ ደግሞ እየሄደ ነው፣ የአውራ ጣት ጅማት የሚበጠሰው እንደዚህ ነው፣ የታወቀ ጉዳት ነው። ስለዚህ ወፍራም ጓንት የግድ ነው፣ ስትወድቂ ደግሞ እጅሽን ጨብጪ፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሄልሜት፣ ሙቀትም ቢሆን። ቆዳ ፕላስቲክ ላይ ሲጎተት እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው። ኮፐንሂል ያለው ኔቭፕላስት የሚባል የጣልያን ምርት ነው፣ አሰራሩ ከዴንዲክስ ይለያል፣ መሸፋፈኑ ግን እዛም አይቀርልሽም።

ሌላው ውሃ ነው። ደረቅ ፕላስቲክ ስኪውን ይይዛል፣ በሰበቃው ይሞቃል፣ እንዲንሸራተት ከስር የተቀባው ዋክስም (ሰም) ቶሎ ያልቃል፣ ለዛ ነው ብዙ ሜዳዎች ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ያለው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኛ ደስ ብሎን ወደ ሜዳው ነበር የምንወጣው፣ ያን ቀን ይፈጥናልና። ጀማሪ ከሆንሽ ግን መጀመሪያ ደረቅ ያለ ቀን ይሻልሻል፣ ቀስ ይላል። የራስሽን አዲስ ስኪ ይዘሽ አትሂጂ፣ ጠርዙን ይበላዋል፣ ተከራዪ።

ለምንድነው ጥሩ አስተማሪ የምለው መሰለሽ፣ በረዶ ከእግርሽ ስር ይጨመቃል፣ ጠርዙን ይቀበልልሻል፣ ትንሽ ብትሳሳቺም ያሳልፍሻል፣ ፕላስቲክ ግን አይጨመቅም፣ ክብደትሽ ቦታው ላይ ከሌለ ወይ ይይዝሻል ወይ ይሸሽሻል። እኛ የባህር ዳር ልጆች ደግሞ ሳይክል ላይ ነው ያደግነው፣ ስንታጠፍ መላ ሰውነታችን ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ስኪ ላይ ይሄ አይሰራም። ወደ ግራ ስትዞሪ ክብደትሽ ቀኝ እግርሽ ላይ፣ ወደ ቀኝ ስትዞሪ ግራው ላይ፣ ሁሌ የውጪኛው እግር ነው የሚሸከመው። ይቺን ከያዝሽ ብዙው አለቀ። ሚዛኑ ግን ከሳይክሉ ይጠቅምሻል።

ስኪ ነው ስኖውቦርድ? ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ስኪ። ስኖውቦርድ ሁለቱም እግርሽ አንድ ጣውላ ላይ ታስሮ ስለሆነ ጀማሪ ሲወድቅ በመቀመጫውና በእጁ አንጓ ነው የሚያርፈው፣ በረዶ ላይ ይቻላል ብሩሽ ላይ ግን ያማል። የግድ ቦርድ ካልሽ የእጅ አንጓ መከላከያና ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ከውስጥ ልበሺ። ሊፍቱ እግርሽ መሃል የሚገባ ክብ ሳህን ያለው የሚጎትት አይነት ከሆነ ደግሞ አትቀመጪበት፣ ቆመሽ ይጎትትሽ፣ የተቀመጠ ሁሉ ይወድቃል።

ቤዛዊት ላይ ላላችሁት፣ ሃሳባችሁን ከልቤ ነው የምወደው፣ እኔም አባይን ቁልቁል እያየሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ግን ቁልቁለት ብቻ አይበቃም። እኛ ጋር ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ነው፣ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቀዋል ያሰባብረዋል፣ በጋ ላይ የሚረጨው ውሃ ተገፍቶ ኮረብታ መውጣት አለበት፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከምንጣፉ ስር ያለውን አፈር ጎርፍ ይዞት እንዳይሄድ ቦይ ያስፈልጋል፣ ከዛ ጥገናው፣ ሊፍቱ፣ መብራቱ። የምር የምንፈልግ ከሆነ በሮለር ስኪ እንጀምር፣ ጎማ ያለው አስፋልት ላይ የሚሄድ ነው፣ አገር አቋራጭ ስኪ የሚወዳደሩት በረዶ በሌለበት ወቅት የሚለማመዱበት። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን በ2010 ቫንኩቨር ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን የወከለው በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ከቁልቁለቱ ይለያል፣ ግን እግርና ሳንባ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ደግሞ አለን። ጠዋት መኪና ሳይበዛ የጣና ዳር መንገድ ይበቃል።

እህቴ እስክትሄጂ ቁጢጥ ብድግ እያልሽ ጭንሽን አጠንክሪ፣ እዛ ስትደርሺ መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ግቢ፣ ጓደኛ ያስተምረኛል ብለሽ ከላይ እንዳትወርጂ፣ የላይኛው ቁልቁለት ለጀማሪ አይሆንም። ጓንት ከፈለግሽ የኔ አለ፣ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ በኢንቦክስ ፃፊልኝና ጊዮን አካባቢ ተገናኝተን እሰጥሻለሁ።