በ1966 የተሸነፍንበትን መዝገብ አንብቡ

ልጆቼ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ መማር እየፈለጋችሁ «ምን ዋጋ አለው?» ብላችሁ የምታመነቱ ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አንድ ኃያል አገር የብዙዎችን ውሳኔ በአንድ ድምፁ፣ ቬቶ በሚባለው፣ ሲሽር በየጊዜው ታያላችሁ። በመጋቢት 2022 የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሩሲያ በዩክሬን የጀመረችውን ጦርነት እንድታቆም አዘዘ፤ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የለውም። የማያከብረውን አገር የሚያስገድደው ያው የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ያ የመሻር ድምፅ አለ።

ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አንድ መዝገብ አንብቡልኝ። የደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን ጉዳይ።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ከሰሱ። በአደራ የተሰጣትን አገር በአፓርታይድ ትገዛለች ሲሉ። ለምን እነሱ? አደራውን የሰጠው የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር ነበር፤ በዚህ ጉዳይ መክሰስ የሚችለውም የማኅበሩ አባል የነበረ አገር ነው። እስቲ አስቡት። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት ቢሉ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አንስቶ አገራችንን ተዋት። ከ24 ዓመት በኋላ የዚያው የከዳን ማኅበር አባልነት ለሌላ ሕዝብ መሟገቻ ሆነ። ይህን ቀዳዳ ያገኙት ሰዎች ሰነዱን አብጠርጥረው ያነበቡ ናቸው።

በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ዓመታት የፈጀ ክርክር ተደረገ። በሐምሌ 1966 ለፍርድ ሲደርስ ግን አንድ ዳኛ ሞተዋል፣ አንዱ ታመዋል፣ አንዱ በጉዳዩ አልተቀመጡም። ለፍርድ የተቀመጡት 14 ዳኞች 7 ለ7 ተከፈሉ። ፕሬዚዳንቱ፣ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር፣ ሁለተኛ ድምፅ ሰጡና ክሱ ውድቅ ሆነ። ከሳሾቹ በነገሩ ላይ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም የላቸውም ተባለ። በአጭሩ፣ ምን አገባችሁ። ስለ አፓርታይድ ሳይፈረድ መዝገቡ ተዘጋ። ዛሬም ሳነበው ያንገበግበኛል።

አፍሪካውያን ግን ተቆጥተው አልቀሩም። በዚያው ዓመት በጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ114 የድጋፍ ድምፅ አደራውን ከደቡብ አፍሪካ ነጠቀ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ ይዞታ ሕገ ወጥ ነው፣ ለቃ ትውጣ አለ። በ1990 ናሚቢያ ነፃ ወጣች። በእርግጥ ነፃነቱን ያመጣው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ታጋዮቹ ደም ከፍለውበታል። ወራሪዋ ግን ከ1971 በኋላ በሕግ ፊት የምትቆምበት መሬት አልነበራትም።

«ምን አገባችሁ» የሚለውም ዘላለም አልኖረም። ጋምቢያ ከማይናማር ጋር ድንበር አትጋራም። ዘር ማጥፋት ተፈጽሞባቸዋል ብላ የከሰሰችላቸው ሮሂንጊያዎች፣ የማይናማር ሙስሊም አናሳ ሕዝብ፣ ዜጎቿ አይደሉም። ሆኖም በ2022 ፍርድ ቤቱ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት አባል ስለሆነች መክሰስ ትችላለች አለ። ያን ስምምነት በ1949 ከዓለም ቀድማ ያፀደቀችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ።

የእናንተን ዕድሜ የሚመለከት ደግሞ ልጨምር። በ2019 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ደሴታማ አገር ቫኑዋቱ ውስጥ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥን ጉዳይ ሄግ እናድርሰው ብለው ተነሱ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳባቸውን ተቀበለ፣ ጠቅላላ ጉባኤውም በ2023 ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ መራ። በሐምሌ 2025 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ አስተያየታቸውን ሰጡ፤ መንግሥታት የአየር ንብረቱን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው አሉ።

እነዚህ ተቋማት ወደፊት ምን ይሆናሉ የምትሉኝ ከሆነ፣ በአብዛኛው የሚወሰነው ትንንሾቹ አገሮች በሚልኩት ሰው ይመስለኛል። ኃያሉ አገር ሌላ መንገድ አለው፤ እኛ የለንም። በደቡብ አፍሪካው ክስ እንኳ ዋናው ተሟጋች ጠበቃችን አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነበር። ጥሩ ጠበቃ ነበር፣ አልነቅፈውም። ግን ቀጣዩን ክርክር እናንተ ብትቆሙበት ደስታዬ ነው።

ስለዚህ ፈረንሳይኛ ተማሩ፤ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕግ አሰልቺ ነው ብላችሁ አትዝለሉት፤ በ1966 የጣለን እሱ ነው። መዝገቦቹ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ከዚያው መዝገብ ጀምሩ፣ ከፍርዱም በፊት የጃፓናዊውን ዳኛ የታናካን የልዩነት ሐሳብ አንብቡ።