ያለ መኪና ዲዝኒ ወርልድ፦ ሆቴሉን ስትመርጪ መጓጓዣውንም መርጠሻል

እህቴ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ ሁለት ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ ከሜሪላንድ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ መሄድ ይቻል እንደሆነ፣ እናትሽም ብዙ መራመድ ስለማይችሉ እዚያ እንዴት እንደምትንቀሳቀሱ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል። እኛ ቤት የሚነዳ ሰው እያለ እንኳን መኪና አንከራይም፤ አማቴም በተሽከርካሪ ወንበር አብረውን ሄደዋል። ግን ከሁሉ በፊት የምታርፉበትን ሆቴል አስቢበት። መኪና ለሌለው ሰው ሆቴል ማለት መጓጓዣ ማለት ነው።

ዲዝኒ ወርልድ ሰው እንደሚያስበው አንድ ፓርክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ማጂክ ኪንግደም ተከፈተ፤ ከዚያ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም ተጨመሩ። የውሃ ፓርኮቹ፣ ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው የገበያና የምግብ መንደር፣ ከ20 የሚበልጡት ሆቴሎች ሲታከሉበት ቦታው ወደ 40 ስኩዌር ማይል ይሰፋል። በዚህ ሁሉ መካከል አውቶቡስ፣ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር)፣ ጀልባና በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ስካይላይነር ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ሁሉም ሆቴል ግን ሁሉንም አያገኝም። አንዳንዱ አውቶቡስ ብቻ ነው ያለው፤ አንዳንዱ ከደጃፉ ሁለትና ሦስት አማራጭ አለው። የክፍሉን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚይዝ ሰው ይህን የሚያውቀው ደርሶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው።

ለእናንተ የምመክረው ፖፕ ሴንቸሪን ወይም አርት ኦፍ አኒሜሽንን ነው። ሁለቱ ሆቴሎች በመካከላቸው ባለው ሐይቅ ላይ አንድ የስካይላይነር ጣቢያ ይጋራሉ። ከዚያ ተነስታችሁ ካሪቢያን ቢች የሚባለው ሆቴል ትደርሳላችሁ፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙት እዚያ ነው። አንዱ ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ ሌላው በሪቪዬራ ሆቴል በኩል ወደ ኤፕኮት ይወስዳችኋል። ፖፕ ሴንቸሪ ከዲዝኒ ሆቴሎች መካከል ርካሽ ከሚባሉት ተርታ ስለሆነ፣ በዚያ ዋጋ ሁለት ፓርክ ያለ አውቶቡስ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

የእናትሽ ነገር ስላሳሰበሽ ስለ ስካይላይነር በዝርዝር ልንገርሽ። ካቢኖቹ ጣቢያው ውስጥ ዝግ ብለው እየተንቀሳቀሱ ነው ሰው የሚገባባቸው፤ አይቆሙም። ይህን ያየ አዛውንት ይፈራል፤ አማቴም ገና ሲያዩት «እኔስ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ነበር። ነገር ግን ለተሽከርካሪ ወንበርና እርምጃቸው ለከበደ ሰዎች ካቢኑ ፈጽሞ የሚቆምበት የጎን መስመር አለ። ለሠራተኛው መንገር ብቻ ነው። ካቢኑ ከፊታቸው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወለሉ ከጣቢያው ወለል ጋር እኩል ነው፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ ገፋ አድርገን አስገባናቸው። ሐይቁን ስናቋርጥ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ፤ ሲመለሱ ግን በመስኮቱ በኩል ልጆቹን ሆቴሉን የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። የአየር ማቀዝቀዣ የለውም፤ በማናፈሻ ቀዳዳዎቹ የሚገባው ነፋስ ሲሄድ ይበቃል፣ ከቆመ ይሞቃል። መብረቅ ሲኖር ደግሞ ይቆማል። በሰመር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ የተለመደ ስለሆነ፣ ሰማዩ ከጠቆረ መውጣቱን ትታችሁ የሚተካውን አውቶቡስ ጠይቁ።

ወደ ማጂክ ኪንግደም ከፖፕ ሴንቸሪ በአውቶቡስ ነው የምትሄዱት፤ አውቶቡሱ በሩ አጠገብ ያወርዳችኋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግል መኪና ወይም በኡበር የሚመጣ ሰው የሚወርደው ከፓርኩ ፊት ካለው ሐይቅ ማዶ ባለው የመጓጓዣ ማዕከል ነው፤ ከዚያ እንደገና በሞኖሬል ወይም በጀልባ ይሻገራል። እዚህ ላይ አውቶቡስ ተሳፋሪ ከባለመኪናው ይሻላል። አኒማል ኪንግደም ግን ሞኖሬልም ጀልባም ስካይላይነርም የለውም፤ ከየትኛውም ሆቴል የሚኬደው በአውቶቡስ ነው። ለዚያ ቀን በጠዋት ተነሱ።

አውቶቡስ በየ20 ደቂቃው ገደማ ይመጣል ይባላል፤ በተግባር አንዳንዴ ወዲያው ይገኛል፣ አንዳንዴ ረዘም ያለ ጊዜ ያስጠብቃል። ስለዚህ የምግብ ቀጠሮ ካላችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ውጡ። የልጅ ጋሪ አውቶቡስ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ልጅ ተኝቶ፣ ቦርሳ ተንጠልጥሎ፣ ሰልፉ እየተገፋ ጋሪ ማጠፍ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ሳይደርስ ቦርሳውን አውጥታችሁ ጋሪውን አጥፋችሁ ጠብቁ። በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ይዘሽ ሂጂ። ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ሹፌሩ መወጣጫውን ዘርግቶ ወንበሩን በማሰሪያ ያስረዋል።

ከሆቴል ወደ ሆቴል ቀጥታ አውቶቡስ የለም፤ በአንድ ፓርክ ወይም በዲዝኒ ስፕሪንግስ በኩል ነው የሚቀየረው። ከዲዝኒ ስፕሪንግስም ወደ ፓርኮቹ ቀጥታ አውቶቡስ አታገኙም። ስለዚህ እዚያ የምትሄዱበትን ጊዜ ከፓርክ ቀን ለይታችሁ አስቡት።

በማጂክ ኪንግደም ከርችቱ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፤ የአውቶቡሱ ሰልፍ ለእናትሽ ይከብዳል። ወይ ርችቱ ሳያልቅ ውጡ፣ ወይ ሕዝቡ እስኪሳሳ ፓርኩ ውስጥ ባለው ዋና መንገድ ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን የሚገፋ ካለ ወደ ኮንቴምፖራሪ ሆቴል የ10 ደቂቃ ያህል ለጥ ያለ የእግር መንገድ አለ፤ ኡበር ከሆቴሉ በር ላይ መጥራት ይቻላል። ኡበር ላይ ግን ሕፃን ካለሽ አስቢ፦ የፍሎሪዳ ሕግ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የመኪና መቀመጫ ይጠይቃል፤ ሹፌሩ ያለዚያ ላይቀበል ይችላል። የዲዝኒ አውቶቡስ ላይ ይህ አያስፈልግም።

«ለዲዝኒ ቅርብ ነን፣ ነፃ መኪና አለን» የሚሉ የውጪ ሆቴሎችን በስልክ ሳትጠይቂ አትያዢ። በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል? ወደየትኛው ፓርክ? የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት ነው? ቦታ ይያዛል ወይ? በብዙዎቹ መኪናው ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ ሙቀት የደከማቸው እናትሽን ወደ ክፍል ልመልስ ብትይ አትችይም። በክፍሉ ያተረፍሽው ገንዘብ በኡበር ያልቃል።

ምግብ ይዞ ፓርክ መግባት ይፈቀዳል፤ ብርጭቆ ዕቃና አልኮል ብቻ ተዉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ በተለይ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ። ውሃና ወተት ደግሞ ሆቴል ድረስ በስልክ ማዘዝ ስለሚቻል ሱቅ ፍለጋ መኪና አያስፈልግሽም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ዲዝኒ 20 ማይል ገደማ ነው። ድሮ ለሆቴል እንግዶች የነበረው ነፃ አውቶቡስ ከእ.ኤ.አ. 2022 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል። አሁን በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍሉ አውቶቡሶች አሉ፤ እናንተ አራት ስለሆናችሁ የሁለቱን ዋጋ አወዳድራችሁ አንድ ታክሲ ብትይዙ ሊሻል ይችላል። በባቡር ካሰብሽም ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ኦርላንዶ የሚገባ አምትራክ አለ፤ ሌሊቱን ይጓዛል። ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ የሚነሳውን አውቶ ትሬን ግን መኪና የጫነ ሰው ብቻ ነው የሚሳፈርበት፤ ትኬት ስትፈልጊ እሱን እንዳትይዢ።