ሼፐርን በጓሮ ወርክሾፕ መሥራት፦ የጎጃም አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሼፐር አንድ መቁረጫ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ብረት የሚልግ ማሽን ነው። ሰሞኑን ከጎጃም ስለ እሱ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጠያቂዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሊሠሩት ያሰቡ ሰዎች ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። የተቻለኝን ያህል ልመልስ።

ቡሬ ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) አለኝ፣ ፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ እየዞረ የሚቆርጥበት ማሽን) ግን አቅሜ አይፈቅድም። ሼፐር ብሠራ ያዋጣኛል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ይሥሩት። የፍሬዛ መቁረጫ ብዙ ጥርስ አለው። ሲደነዝዝ በእጅ መሳል አይሆንም፣ ሌላ ሲገዙም ዋጋው ያማል። ሼፐር የሚፈልገው አንድ ቁራጭ ኤችኤስኤስ፣ ማለትም ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት ነው። በመሳያ ድንጋይ እርስዎ ራስዎ የፈለጉትን ቅርጽ ያወጡለታል።

እውነቱን ለመናገር ቀርፋፋ ነው። ፋብሪካዎች የተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚዝ በ1836 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ትልቅ ነገር ነበር፤ በኋላ ፍሬዛ ቦታውን ወሰደው። ለእርስዎ ዓይነት ቤት ግን ፍጥነት ዋናው ነገር አይደለም። የወፍጮ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ) ውስጥ ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ቁልፍ የሚገባበትን ቦይ ማውጣት፣ የተጣመመ ፊት መላግ፣ ቪ ቅርጽ መቁረጥ፣ ይህን ሁሉ ይሠራል። አንድ ገበሬ በመኸር ሰዓት የበቆሎ መፈልፈያው ሲሰበርበት ዕቃ ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

አካሉን አሉሚኒየም አቅልጬ ልሥራው ወይስ በላሜራ ልበይደው? ከሰል በአካባቢያችን ሞልቷል። (ከእንጅባራ)

አዎ፣ የአዊ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እያለ ማቅለጫ አያሳስብም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ትንሽ ማራገቢያ ያለው የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። የሚቀልጠውን ግን ይምረጡ። የመኪና ፒስተን፣ ቴስታታና የካምቢዮ ቤት ጥሩ ናቸው፤ መጀመሪያውኑ ቀልጠው ቅርጽ ውስጥ እንዲፈስሱ ተብለው የተቀላቀሉ ናቸውና ቅርጹን በደንብ ይሞላሉ። የመስኮት ፍሬም፣ ሽቦና ድስት አይሆኑም። ቅርጹን የሚያወጡበትን እንጨት ትንሽ ከፍ አድርገው ይሥሩ፤ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በ100 ሚሊሜትር 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ይኮማተራል።

አደጋው እርጥበት ነው። በቀለጠ ብረት ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች፣ ብረቱንም ወደ ፊትዎ ትረጨዋለች። የሚጨምሩትን ቁርጥራጭ ሁሉ አስቀድመው ምድጃው አፍ ላይ ያሙቁት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ያልብሱት፤ የፈሰሰ ብረት ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ሊያስፈነዳው ይችላል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚያ አካባቢ አሸዋው ራሱ ውኃ ነው። እኔ ብሆን እስከ ጥቅምት እጠብቃለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ለመጀመሪያ ማሽን አካሉን በ12 ሚሊሜትር ላሜራ መበየድ እመርጣለሁ። ጠረጴዛውንና የመቁረጫውን ራስ ከቀለጠ አሉሚኒየም በቅርጽ ያውጡ። ነገር ግን ራሙ (መቁረጫውን ይዞ የሚመላለሰው ክፍል) የሚሄድበትን ሐዲድ በፍጹም አይበይዱት። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረት ይጎትታል፤ ቀጥ ብሎ የገባው ሐዲድ ጠዋት ሲያዩት ተጣሟል። ሐዲዱን በብሎን ያጥብቁት። ሲያልቅም ይቀየራል። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ እንዲንሸራተትም አያድርጉ፤ ቶሎ ይበላላል።

ለሐዲዱ ጠፍጣፋ ፊት እንዴት ላገኝ እችላለሁ? ጠፍጣፋ ለማድረግ እኮ ሼፐር ያስፈልጋል! (ከዳንግላ)

ከደረሱኝ ሁሉ ያስደሰተኝ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ የድሮ ነው። ሦስት የብረት ሰሌዳ ይፈልጋሉ፣ ሁለት አይበቃም። ሁለት ሰሌዳ እርስ በርስ ቢያስማሙ አንዱ ሆዱ የገባ፣ ሌላው የወጣ ሆኖ ፍጹም ሊገጥም ይችላል፤ ጠፍጣፋ የሆኑ ይመስልዎታል። ሦስተኛው ሲገባ ግን ሁለቱንም ያጋልጣል። ሀን ከለ፣ ለን ከሐ፣ ሐን ከሀ ጋር እያፈራረቁ ሲያስማሙ ሁሉም ሊገጥሙ የሚችሉት ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን ፊት ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀቡት። ሌላውን አስቀምጠው ትንሽ ያንሸራቱት። ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው፤ እሱን ብቻ በመፋቂያ ይፋቁት። ደጋግመው ይህንኑ ያድርጉ። ነጥቦቹ በመላው ፊት ላይ እየበዙ ሲመጡ እጅዎ ይነግርዎታል። አሰልቺ ነው፣ ግን ለጊዜው እንጂ ሥራው ለዓመታት ይኖራል። ፊቱ የጊዛ ብረት (ካስት አይረን) ቢሆን ከተራ ብረት በጣም ይቀላል።

ይህን ሁሉ ካልፈለጉ መሐል መንገድ አለ። በፋብሪካ ቀጥ ተብሎ የተሳበ ጠፍጣፋ ብረት ገዝተው በብሎን ያጥብቁ፣ ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ እያስተያዩ ያስተካክሉ። ለመጀመሪያ ማሽን ይበቃል። የጎኑን ክፍተት የምታጠብቀውን ቀጭን ብረት ግን ከብሮንዝ ወይም ከጊዛ ያድርጓት፤ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ይነካከሳል።

ሌላም ነገር ልንገርዎ። ራሙ ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ማሽኑ የመጀመሪያ ሥራው የራሱን ጠረጴዛ መላግ ነው። ያኔ ጠረጴዛው ከራሙ መንገድ ጋር ትይዩ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቃቄዎን ሁሉ ሐዲዱ ላይ ያድርጉት።

የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። በደቂቃ 1440 ዙር የሚዞር ሞተር አለኝ። ራሙ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይሂድ?

150 ሚሊሜትር ለሚሄድ ራም 60 ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው። ሲያሰሉት ወደፊት መሄዱ ከአንድ ምልልስ ሦስት አምስተኛውን ጊዜ ይወስዳል፣ ማለትም 0.6 ሴኮንድ። ይህ በአማካይ በደቂቃ 15 ሜትር ነው፤ ለተራ ብረት በኤችኤስኤስ መቁረጫ ይስማማል። ለአሉሚኒየም ከፍ፣ ለጠንካራ ብረት ዝቅ ያድርጉት።

ከ1440 ወደ 60 ለመውረድ 24 ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል። ከ60 ሚሊሜትር ፑሌጃ ወደ 240 ሚሊሜትር ሲሄድ 360 ይሆናል። ከዚያ ባለ 20 ጥርስ ጊር ባለ 120 ጥርሱን ሲነዳ 60 ላይ ይደርሳሉ። የመጀመሪያውን ቅነሳ በቺንጋ ያድርጉት። መቁረጫው ከተቀረቀረ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ጊሩ አይሰበርም። ለዚህ መጠን ከግማሽ ፈረስ ጉልበት በላይ አያስፈልግም። የወፍጮ ሞተር ሊገዙ ካሰቡ ሦስት ፌዝ ወይም አንድ ፌዝ መሆኑን፣ ከቤትዎ መስመር ጋርም መስማማቱን አይተው ይግዙ።

ቴክኒክና ሙያ ነው የምማረው፣ ደብረ ማርቆስ። የመመለሻውን ፍጥነት የሚያመጣው ክንድ ልኬት ሁሌ ያምታታኛል።

ወንድሜ፣ ያው ስንጥቅ ክንድ ነው። ታችኛው ጫፉ ቋሚ ቦታ ላይ ይወዛወዛል። ትልቁ ጊር ላይ ያለው ፒን ስንጥቁ ውስጥ ይንሸራተታል። ፒኑ ከመወዛወዣው ርቆ ከላይ ሲያልፍ ክንዱን በቀስታ ይገፋል፣ ቀርቦ ከታች ሲያልፍ በፍጥነት ይመልሰዋል። የጊሩን መሐል ከመወዛወዣው 100 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው፣ ፒኑን ከጊሩ መሐል 31 ሚሊሜትር አርቀው። ከ360 ዲግሪ 216ቱ ለመቁረጥ፣ 144ቱ ለመመለስ ይሆናል። ክንዱ ከመወዛወዣው 243 ሚሊሜትር ላይ ራሙን ቢይዝ ጉዞው 150 ሚሊሜትር ይደርሳል። ፒኑን ወደ መሐል ስታስጠጋው ጉዞው ያጥራል፣ የመመለሻ ፍጥነቱም ወደ እኩል ይጠጋል። በካርቶን ቆርጠህ በመርፌ ሰክተህ ሞክረው፤ ወዲያው ይገባሃል።

መቁረጫዬ ሲመለስ ፊቱን ይቧጭራል፣ ሲሄድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። (ከሞጣ)

ሁለቱም ችግር ብዙ ጊዜ መቁረጫውን ከያዘችው ማጠፊያ ይመጣል። ማጠፊያዋ ሲመለስ በነጻ ወደፊት ተነሥታ፣ ሲሄድ ያለ ክፍተት መቀመጥ አለባት። ፒኗ ከጎን የሚላወስ ከሆነ ቦኮላ (ፒኗን አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት) ያስገቡ። የቆመ ፊት እየላጉ ከሆነ የማጠፊያዋን አናት ከሚላገው ፊት በተቃራኒ ያዘንብሉ፤ ሲመለስ መቁረጫው ርቆ ያልፋል። መቁረጫው ከመያዣው የወጣው ርዝመትም ሊበዛ ይችላል፣ ያሳጥሩት።

ጠረጴዛውን የሚገፋው ጥርስ መቼ እንደሚሠራም ይዩ። መግፋት ያለበት ራሙ ሲመለስ ነው። እየቆረጠ የሚገፋ ከሆነ ፊቱ ሁሌ ይንሻፈፋል።

ልጄ ጓሮ ውስጥ ሼፐር እየሠራ ነው። ማሽኑ እጅ ይወስዳል ሲሉ ሰማሁ፣ እፈራለሁ። (አንዲት እናት፣ ከቢቸና)

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። አደጋው ከፊት ብቻ አይደለም። ራሙ ወደኋላ ሲወጣ ከግድግዳ ጋር ሰው ሊጨፈልቅ ይችላል። ማሽኑን ከግድግዳ ያርቀው፣ የኋላውን መንገድ በላሜራ ይሸፍነው፣ ጊርና ቺንጋውንም እንዲሁ። ሥራ የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ነው። ጓንት፣ ነጠላና ረጅም እጅጌ አይቻልም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ የሚያደርግ ማጥፊያ ይግጠምለት፤ ይህ በእኛ አገር የግድ ያስፈልጋል። ትናንሽ ልጆች ጓሮው ውስጥ ካሉ በር ያለው ክፍል ውስጥ ይሥራ። ይህን ካደረገ ይተዉት፣ ይሥራ።

ሐዲዱን ግራሶ ልቀባው? (ከመርዓዊ)

አይቀቡ። ግራሶ ብናኝ ይይዝና ሐዲዱን ይፍቃል። ወፍራም ዘይት ይጠቀሙ፤ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይጨምሩ፣ ሲጨርሱ ጠርገው በስሱ ይቀቡት። በክረምት ላዩ ላይ ዘይት የነካው ጨርቅ ያልብሱት፣ አለበለዚያ በሳምንት ውስጥ ይዝጋል።